ዜጋ ማን ነው? ከ1922ቱ ሕግ እስከ ቢጫ ካርድ

በስደት አገር በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ «እገሌ ዜግነት ቀየረ» ማለት የተለመደ አነጋገር ነው። አነጋገሩ ልብስ የተቀየረ ያስመስለዋል። በለቅሶ ቤት፣ በሰርግ፣ በማኅበር፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይነሣል። የቀየረው ሰው ይሽኮረመማል፤ ያልቀየረው ደግሞ ሳይጠየቅ ምክንያቱን ይደረድራል። ጉዳዩ ሁልጊዜ የሚቀርበው እንደ ፍቅርና እንደ ክህደት ነው። ለእኔ ግን ዜግነት ከሁሉ አስቀድሞ ሕግ ነው፤ ሕግ ደግሞ ያወጣው ሰው፣ የወጣበት ቀንና የወጣበት ምክንያት አለው። በዚህ ጽሑፍ ያንን ምክንያት ተከትዬ ከአያቶቻችን ዘመን እስከ ዛሬ ልምጣ። አንባቢ ታሪኩን ካየ በኋላ ፍርዱን ራሱ ይስጥ።

ከቃሉ ልጀምር። ዛሬ «ዜጋ» ስንል መብትና ግዴታ ያለው የአገር ባለቤት ማለታችን ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደርና የጎጃም የመሬት ሰነዶች ውስጥ ግን ዜጋ ማለት በጌታ መሬት ላይ የሚኖር፣ ለባለ ርስቱ ያደረ ጥገኛ ሰው ነበር። ቃሉ ከጥገኝነት ወደ ባለቤትነት ለመሻገር ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ጉዞው አልቋል ወይ ለሚለው በስተመጨረሻ እመለስበታለሁ።

በአገራችን «ዜጋው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በጽሑፍ ሕግ መልስ ያገኘው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ዘመኑን ልብ ይሏል። ንግሥት ዘውዲቱ በመጋቢት አርፈዋል፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ደግሞ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ነው። የዜግነት ሕጉ የወጣው በሁለቱ መካከል፣ ከዘውዱ በዓልና ከመጀመሪያው ሕገ መንግሥት አስቀድሞ ነው። አንድ መንግሥት ሕገ መንግሥት ሳይኖረው የዜግነት ሕግ ለማውጣት ለምን ቸኮለ?

እኔ እንደማየው መልሱ የሚገኘው በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል ውስጥ ነው። በዚያ ውል መሠረት ፈረንሳውያን እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ ዳኛቸው የገዛ ቆንስላቸው ሆነ። ሌሎች መንግሥታትም «ለአንዱ የተሰጠ ለሁላችን» በሚለው የውል አሠራር በዚያው ጥላ ሥር ገቡ። በዚህ የተነሣ በአዲስ አበባ ገበያ ላይ የአንድ ነጋዴ ዜግነት የዳኛውን ማንነት የሚወስን ነገር ሆነ። ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ ዐረቡና አርመኑ የአንዱን ሌጋሲዮን ከለላ ቢያገኝ ከኢትዮጵያ ዳኛ እጅ ይወጣል። እንዲህ ባለው ከተማ «የእኔ ሰው ማን ነው?» ብሎ በሕግ ያልወሰነ መንግሥት፣ ሌሎቹ የኔ ነው የሚሉትን ሰው ሁሉ ለመልቀቅ ይገደዳል። ስለዚህ የ1922ቱን ሕግ የማነበው እንደ ሉዓላዊነት አጥር ነው። ይህ ከለላ የተነሣው ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት ዘመን ነበር።

የሕጉ መሠረት ትውልድ ነው። አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው፣ በአገር ውስጥም ተወለደ በውጭ፣ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። በዚያ ዘመን በርካታ የአውሮፓ አገሮች ልጅን በአባቱ ብቻ ሲቆጥሩ የእኛ ሕግ እናትንም መቁጠሩ የሚያስመሰግነው ነው። የባዕድ አገር ሰው ኢትዮጵያዊ ለመሆን ሲጠይቅ ደግሞ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ቢያንስ አምስት ዓመት በአገሪቱ የኖረ፣ ራሱንና ቤተሰቡን ማስተዳደር የሚችል፣ በወንጀል ያልተቀጣ፣ አማርኛንም አጥርቶ የሚናገርና የሚጽፍ መሆን ነበረበት። በ1926 ዓ.ም. በወጣ ማሻሻያ፣ ለአገር ይጠቅማል ተብሎ ለታመነበት ሰው ከእነዚህ መመዘኛዎች አንዳንዶቹ የሚቀሩበት መንገድ ተከፈተ። መንግሥት የእጅ ባለሙያ፣ መሐንዲስና ሐኪም ይፈልግ ነበርና።

ይህ ሕግ ሁለት ከባድ ቃላትም ነበሩበት። አንደኛው የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል ይላል። ሁለተኛው የባዕድ አገር ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት የባሏን ዜግነት በጋብቻው ካገኘች የራሷን ታጣለች ይላል። ወንዱ የውጭ አገር ሴት ቢያገባ ግን ይህ አይደርስበትም። የሴቲቱ ጉዳይ ሙሉ መልስ ያገኘው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ አንቀጽ 33 ከውጭ ዜጋ ጋር የሚደረግ ጋብቻ የወንዱንም ሆነ የሴቷን ኢትዮጵያዊነት አያስቀርም ብሎ ደነገገ። የመጀመሪያው ቃል ግን እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር አለ።

በዚያው በ1922ቱ ሕግ ውስጥ አንድ ለስላሳ አንቀጽም ነበር። ባዕድ ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ ተመልሶ መኖር ከጀመረና ጥያቄ ካቀረበ ኢትዮጵያዊነቱን መልሶ ማግኘት ይችል ነበር። የሄደ ልጅ ይመለሳል ብሎ ያሰበ ሕግ ነው። በዚያ ዘመን የሚሄደው ሰው ጥቂት ስለነበር ተመላሹም ጥቂት ነበር። ሕጉን ያወጡት ሰዎች በውጭ አገር የሚኖር ብዙ ሕዝብ ይኖረናል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

ለማነጻጸር ያህል በሌላው ወገን የነበረውን በር እንመልከት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1870 ባወጣችው ሕግ የአፍሪካ ተወላጆች ዜግነት እንዲጠይቁ ፈቅዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው የኮታ ሕግ ግን ለመላዋ ኢትዮጵያ የመደበው በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። የዘር ኮታው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ለእኛ በሩ በእውነት የተከፈተው ከአብዮቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ ሲሆን፣ በሱዳን በኩል ያለፉ ብዙ ወገኖቻችን የገቡት በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሕግ ደግሞ ሁላችን «ዲቪ» የምንለውን ዕጣ አመጣ።

የአሜሪካ ሕግ ከገባው ሰው የሚጠይቀው ነገር ከጃንሆይ ሕግ ጋር ሲተያይ ያስገርማል። ግሪን ካርድ ከተገኘ በኋላ የአምስት ዓመት ነዋሪነት ያስፈልጋል፤ የአሜሪካ ዜጋ አግብቶ አብሮ ለሚኖር ሦስት ዓመት። ከአምስቱ ዓመት ቢያንስ 30 ወር በአካል አገሩ ውስጥ መገኘት ግድ ነው። ከስድስት ወር በላይ ወጥቶ የቆየ ነዋሪነቱ ተቋርጧል ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። የእንግሊዝኛ ቋንቋና የአገሪቱን ታሪክና አስተዳደር ማወቅ፣ መልካም ጠባይ፣ በመጨረሻም ቃለ መሐላ አለ። አምስት ዓመት፣ ቋንቋ፣ ንጹሕ ታሪክ! አዲስ አበባ በ1922 ዓ.ም. ከባዕድ የጠየቀችውን ዋሽንግተን ዛሬ ከእኛ ትጠይቃለች።

እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቼ በተሳሳተ መንገድ የሚረዱት አንድ ነገር አለ። አሜሪካዊ ለመሆን የሚማለው መሐላ ለሌላ መንግሥት ያለንን ታማኝነት እንተው ዘንድ ያስምላል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም የአሜሪካ መንግሥት ይህን መሐላ ይዞ የትውልድ አገር ፓስፖርት አይቀማም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 በአፍሮይም ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ በእስራኤል ምርጫ ድምፅ የሰጠ አሜሪካዊ በዚህ ምክንያት ዜግነቱን ሊነጠቅ አይችልም ብሏል። ስለዚህ ከኢትዮጵያዊነት መዝገብ ስማችንን የሚሰርዘው የራሳችን ሕግ ነው። «አሜሪካ አስካደችን» የሚለው ወቀሳ አድራሻውን የሳተ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይምላል? በማውቃቸው ሰዎች ዘንድ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ እናት። በአሜሪካ ሕግ የግሪን ካርድ ባለቤት ወላጆቹን ማስመጣት አይችልም፤ ዜጋ የሆነ ሰው ግን 21 ዓመት ከሞላው ያለ ኮታ ያስመጣቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ባንዲራ ሥር ሰልፍ ሲወጡ የኖሩ፣ በልመናም በግፊትም ዜግነት አልቀይርም ብለው የቆዩ ሰዎች፣ እናታቸው ሲደክሙ ተስማምተው ሲምሉ አይቻለሁ። እነዚህን ሰዎች ከሃዲ የሚል ሰው ስለ እናት የሚያውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ሌላው ዓለም ሌላ መልክ አለው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሠራ እኅታችን ኢቃማዋን ይዛ ሃያ ዓመት ብትኖር እንኳ ዜግነት የሚባል ነገር በእርሷ ደጃፍ አያልፍም፤ እርሷ እስከ መጨረሻው ኢትዮጵያዊት ብቻ ናት፤ ከኤምባሲዋ በቀርም መጠጊያ የላትም። እስራኤል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ቤተ እስራኤል በመመለስ ሕግ ሊገቡ እንደሚችሉ ከተቀበለች በኋላ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን በሁለት ቀን ውስጥ ወስዳ ዜጋ አደረገቻቸው። ከዚያ በኋላ ፈላሽ ሙራ የተባሉት ግን በሌላ ሕግ ገብተው፣ ዜግነት ለማግኘት የሃይማኖት ሥርዓት መፈጸም ነበረባቸው። ጀርመን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የቀድሞ ዜግነትህን ተው ትል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ይህን ግዴታ አንሥታ የነዋሪነቱንም ዘመን ከስምንት ወደ አምስት ዓመት አሳጠረች። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2001፣ ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2020 ጥምር ዜግነትን ፈቅደዋል። በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ በእኛ በኩል ያለው አንቀጽ ቆሞ ቀረ።

ዜግነት ከላይ ሲነሣ ምን እንደሚመስል ያየነው በ1990 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተካሄደው የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ብዙ ኤርትራዊ ትውልድ ያላቸው ኢትዮጵያውያን በአዲስ አበባ ተመዝግበው ድምፅ ሰጡ። ያኔ ማንም «ይህን ስታደርጉ ኢትዮጵያዊነታችሁ ይቀራል» አላላቸውም፤ ፓስፖርታቸውን ይዘው፣ ግብር እየከፈሉ ኖሩ። ጦርነቱ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ሲፈነዳ ያ ምዝገባ ማስረጃ ሆኖ መጣ። በግምት 75 ሺህ ሰዎች ወደ ኤርትራ ተባረሩ ወይም ተሰደዱ። አንቀጽ 33 «ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን ሊገፈፍ አይችልም» ካለ ገና አራት ዓመት አልሞላውም ነበር። በሄግ የተቀመጠው የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ እነዚህ ሰዎች የሁለቱም አገሮች ዜግነት እንደነበራቸው ተቀብሎ፣ በጦርነት ጊዜ በጸጥታ ምክንያት አንድ በአንድ ተጣርተው የተባረሩትን በተመለከተ ለኢትዮጵያ ፈረደ፤ በሦስተኛ አገር የነበሩትንና ያለ ማጣራት የተነጠቁትን በተመለከተ ግን ድርጊቱ ሕገ ወጥ ነው አለ። አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ለዓለም አቀፍ ዳኞች ጥምር ዜግነት የነበረው ሰው ለእኛ ሕግ ጨርሶ ሊኖር የማይችል ሰው ነበር።

ከዚያ ዘመን በኋላ ሁለት ሕጎች በተከታታይ ወጡ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች ሁላችን «ቢጫ ካርድ» የምንለውን መታወቂያ ሰጠ። ራሱ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ያገኘዋል፤ ኤርትራዊ ዜግነት የወሰደ ግን አያገኘውም። ባለ ካርዱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤት ይኖረዋል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል። አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አይቀጠርም።

ታኅሣሥ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ደግሞ የጃንሆይን ሕግ ሽሮ ተተካ። ለባዕድ ሰው በሩን አስፍቷል፤ አምስቱን ዓመት ወደ አራት አውርዷል፣ አማርኛን አጥርቶ ማወቅ የሚለውም ከብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት ወደሚል ተለውጧል። ለራሱ ልጅ ግን አንቀጽ 20 እንደ ቀድሞው ነው፦ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅም ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላስታወቀ ያጣዋል። ይህን አንቀጽ ለወላጆች ስነግራቸው ብዙዎቹ ይደነግጣሉ። ልጃቸው ዝም በማለቱ ብቻ፣ በ19ኛ ልደቱ ላይ፣ ማንም ሳይነግረው ከመዝገብ ይወጣል።

መመለስ ለሚሻ አንቀጽ 22 መንገድ ያሳያል፦ በአገር ውስጥ መኖሪያን መመሥረት፣ የያዙትን ዜግነት መተው፣ ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከት። መንገዱ ግን ጭጋግ አለበት። በ2012 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ የአቶ ጃዋር መሐመድን ዜግነት አስመልክቶ ለፓርቲያቸው ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ሕጉ የሚጠይቀውን ያሟላ ሰው ዜጋ የሚሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚለው አከራካሪ ሆኖ ተገኘ። ስለ ሰውየው ፖለቲካ ማንም የፈለገውን ይበል፤ ዜጋ የሚሆንበት ቀን በግልጽ የማይታወቅበት ሕግ ግን ለወዳጅም ለባላጋራም አይበጅም።

ቢጫ ካርዱ ራሱ በተግባር እንዴት እንደኖረ እንይ። በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ በአገር ውስጥ ባንኮች አክሲዮን የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን «የውጭ ዜጎች ናችሁ» ተብለው ድርሻቸውን እንዲለቁ አደረገ። በ2011 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ እንደገና ተፈቀደላቸው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የባንኩን ዘርፍ ለውጭ ባለሀብቶች የሚከፍተውን አዋጅ አጸደቀ፤ በሰኔ 2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ ፈቀደ። እንግዲህ በገንዘብ በኩል የቢጫ ካርድ ባለቤትን ከሌላው ባዕድ የሚለየው ነገር እየጠበበ ሄዷል። የቀረው ልዩነት ወደ ላይ ያለው ነው፤ ከዜጋው የሚለየው፣ ድምፁ።

በአንጻሩ ደግሞ የሻሸመኔን ራስ ተፈሪያውያን አስቡ። ጃንሆይ በሰጧቸው መሬት ላይ ለመኖር ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች መጥተው ሰፈሩ። ደርግ መሬትን ሲወርስ አብዛኛውን አጡ። ልጆቻቸው አማርኛና ኦሮምኛ እየተናገሩ አደጉ፤ ሆኖም የነዋሪነት ወረቀት ሳይኖራቸው ለአሥርተ ዓመታት ኖሩ። መንግሥት መታወቂያ እንሰጣቸዋለን ያለው በ2009 ዓ.ም. ነው። ይኸውም የመኖር መብት እንጂ ዜግነት አልነበረም። ስለዚህ በሁለት በኩል ሰው አጥተናል፤ ኢትዮጵያን መርጦ የመጣውን ባዕድ ነህ፣ ከኢትዮጵያ ተወልዶ የሄደውንም ባዕድ ሆነሃል ብለናል።

አንድ የቆየ ታሪክ ላንሣ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዞች ተወስደው በሕንድ አደጉ፤ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ። በኋላ ተመልሰው ለአገራቸው ሠሩ፤ በፋሺስት ወረራ ጊዜም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ተሟገቱ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው የእንግሊዝ ፓስፖርት ይዞ ቢመጣ ቢጫ ካርድ ይሰጠዋል፤ በካርዱ ሕግ የተዘጋበት ሥራ ደግሞ ያው ሐኪም ወርቅነህ የሠሩት የውጭ ጉዳይ ሥራ ነው።

ተቃራኒውን ክርክር አላቃልልም። ዋሽንግተን ተቀምጦ ድምፅ የሚሰጥ ሰው የመረጠው መንግሥት የሚያመጣውን መዘዝ አይቀምስም የሚሉ አሉ። ሁለት ፓስፖርት ያለው ባለሥልጣን ችግር ሲመጣ አውሮፕላን ይሳፈራል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ስጋቶች እውነት አላቸው። ጎረቤታችን ኬንያ ግን ለዚህ መልስ አግኝታለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ጥምር ዜግነትን ፈቅዳ፣ ከፍተኛ የመንግሥት ሥልጣን የሚይዘውን ሰው ግን ሌላውን እንዲተው አዘዘች። ጋናም ጥምር ዜግነትን ፈቅዳ የተወሰኑ ሹመቶችን ለይታ አስቀምጣለች። ስልጣንን መከልከል ይቻላል፤ ለዚህ ሲባል ሰውን ከነቤተሰቡ ከመዝገብ መፋቅ አያስፈልግም። በአገር ውስጥ የማይኖር አይምረጥ ቢባል እንኳ እስማማለሁ፤ ተመልሶ የሚኖር ግን ለመምረጥ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የሌላ አገር ዜግነት መውሰድ ብቻውን ኢትዮጵያዊነትን አያስቀር። በውጭ የተወለዱ ልጆች በዝምታቸው አይቀጡ። ለሚመለሰው ደግሞ ማመልከቻ ካስገባበት ቀን ጀምሮ በተቆረጠ ጊዜ ውስጥ መልስ የሚሰጥ፣ ከተከለከለም ለፍርድ ቤት የሚያደርስ ሥርዓት ይኑር።

የ1922ቱ ሕግ የወጣው ባዕዳን የእኛን ሰው እንዳይወስዱብን ነበር። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ የዚያው ሕግ አንድ አንቀጽ የራሳችንን ሰው ለባዕዳን እያስረከበ ነው። ዜጋ የሚለው ቃል ከጌታ መሬት ጥገኝነት ተነሥቶ ወደ ባለቤትነት ይጓዝ ነበር ብያለሁ። ባለ ቢጫ ካርዱ ያለ ድምፅ ይገባል፣ ይሠራል፣ ቤት ይሠራል፣ ይከፍላል፤ ጌታው ሲፈቅድ ይይዛል፣ ጌታው ሲከለክል ይለቃል። ይህ የቱን ዘመን ዜጋ እንደሚመስል አንባቢ ይፍረድ።

ቸር እንሰንብት።